ገበያ ያጣ ማሽን፣ ተከራይ ያጣ መጋዘን፦ የሃውስና የቴክኖ ሙዚቀኞች ከየት መጡ?

በ1980ዎቹ አጋማሽ ማርሻል ጀፈርሰን የቺካጎ ፖስታ ቤት የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነበር። ኪቦርድ መጫወት አይችልም። አንድ ቀን ጊታር የሚጫወት ጓደኛውን ተከትሎ ወደ ሙዚቃ መሣሪያ መደብር ገባ። ሻጩ ዕቃውን ሲያሞጋግስለት ልቡ ተነሣና ሲንተሳይዘሩንም፣ ድራም ማሽኑንም፣ የተጫወቱትን መዝግቦ መልሶ የሚያጫውተውንም ሲኩዌንሰር የሚባል ሳጥን በዱቤ ወስዶ ወጣ። ጓደኞቹ ሳቁበት። እሱ ግን መላ አላጣም። ጣቶቹ የማይደርሱበትን የፒያኖ ዜማ ፍጥነቱን ቀንሶ በዝግታ ይቀዳል፤ ሲጨርስ አፍጥኖ ያጫውተዋል። የሚሰማው ሰው ዕድሜውን ፒያኖ ላይ የጨረሰ ባለሙያ የተጫወተው ይመስለዋል። በ1986 የወጣው «ሙቭ ዩር ባዲ» በዚህ ብልሃት የተሠራ ነው። ያዜመለት ከርቲስ ማክሌንም የፖስታ ቤት ባልደረባው ነበር።

ትራክስ ሪከርድስ የተባለው ማሳተሚያ ባለቤት ላሪ ሸርማን ሥራው ሲቀርብለት ፒያኖ ያለበት ሃውስ የለም በሚል ፊት ነሣው። የጭፈራ ቤቱ ሕዝብ ግን ከካሴት እየሰማ አስቀድሞ በቃሉ ይዞት ነበር። ጀፈርሰን ሸክላው ሲታተም «የሃውስ ሙዚቃ መዝሙር» የሚል ንዑስ ርዕስ ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ፒያኖ በሃውስ ውስጥ ማስገባት ብዙዎች የተከተሉት ልማድ ሆነ።

ሃውስና ቴክኖ ሲነሡ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ማሽን ነው። ማሽኑን የነኩት እጆች ግን ብዙ ነገር የለመዱ ነበሩ፦ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ያደጉ፣ በሮክ ባንድ ከበሮ የመቱ፣ የመኪና ፋብሪካ ደመወዝ ያሳደጋቸው፣ ሌሊት ሬዲዮ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው የቆዩ። የሠሩበትም ዕቃ ሌላው የጣለው ነበር። ማሽኑ ገበያ ያጣ፣ ሕንፃው ተከራይ ያጣ፣ ዘፈኑም ሬዲዮ የተጸየፈው ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከቺካጎም ከዲትሮይትም በፊት ኒውዮርክ አለች። ዴቪድ ማንኩሶ በዩቲካ ከተማ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ያደገ ሰው ነው። እዚያ ሲስተር አሊሺያ የሚባሉ መነኩሲት ለልጆቹ ፊኛ ሰቅለው፣ ሸክላ አጫውተው ግብዣ ያዘጋጁ ነበር። ማንኩሶ በየካቲት 1970 ብሮድዌይ ላይ በሚኖርበት ሰፊ ፎቅ እንዲህ ያለ ግብዣ ለአዋቂዎች ደገሰ። መጠጥ አይሸጥም፣ የሚገባው የተጠራ ብቻ ነው፣ የድምፅ መሣሪያው ግን በከተማው ወደር አልነበረውም። «ሎፍት» ተብሎ በታወቀው በዚህ ቤት ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ላቲኖው፣ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪው በአንድ ወለል ላይ ይጨፍራል። በዚያ ዘመን ሌላ ቦታ እንዲህ መቀላቀል ከፖሊስ ጋር የሚያጋጭ ነገር ነበር።

የሎፍትን መንገድ ከተከተሉት ቤቶች አንዱ የኒኪ ሲያኖ «ጋለሪ» ነው። እዚያ ፊኛ ከሚነፉት ወጣቶች መካከል የብሮንክሱ ፍራንኪ ናክልስና የብሩክሊኑ ላሪ ሌቫን ነበሩ። ናክልስ የጨርቅ ንድፍ ተማሪ ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች አንሶኒያ ሆቴል ምድር ቤት በነበረው ኮንቲኔንታል ባዝስ ሸክላ ማጫወት ጀመሩ። ሁለት ሸክላዎችን እንዴት ማገናኘት እንደሚቻል፣ ሕዝቡን መቼ ማሞቅ መቼ ማሳረፍ እንደሚገባ የተማሩት በእነዚህ ቤቶች ነው።

የሚያጫውቱት ዘፈን ደግሞ በአብዛኛው የፊላዴልፊያ ነው። ኬኒ ጋምብልና ሊዮን ሃፍ በ1971 ባቋቋሙት ፊላዴልፊያ ኢንተርናሽናል ሪከርድስ የሚሠሩት ሙዚቀኞች ቫዮሊኑን፣ ነሐሱንና የቤተ ክርስቲያን አዘማመሩን ከዳንስ ምት ጋር አዋሕደውት ነበር። ከበሮ መቺው ኤርል ያንግ በ1973 በሃሮልድ ሜልቪንና ብሉ ኖትስ «ዘ ላቭ አይ ሎስት» ላይ በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ በአራቱም ምት ላይ እኩል አሳረፈው፤ ሲምባሉን ደግሞ በመሃል በመሃል አስገባ። ዛሬ በየትኛውም የሃውስ ወይም የቴክኖ ክለብ በር ላይ ከሩቅ የሚሰማው ዱም ዱም የሚል ምት የዚህ ሰው እግር ነው።

በ1977 ሮበርት ዊሊያምስ የተባለ የኒውዮርክ ሰው ቺካጎ ውስጥ በ206 ሳውዝ ጀፈርሰን ጎዳና የቆመ የኢንዱስትሪ ሕንፃ ተከራየና ክለብ አደረገው። ዲጄ እንዲሆን መጀመሪያ የጋበዘው ሌቫንን ነበር። ሌቫን ከኒውዮርክ አልወጣም አለ፤ ናክልስ ግን ሻንጣውን አሰረ። «ዌርሃውስ» ቅዳሜ ማታ ተከፍቶ እሑድ ቀትር ድረስ የማይዘጋ፣ በአመዛኙ ጥቁርና ላቲኖ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የሚታደሙበት ቤት ሆነ። ናክልስ አንዳንድ ጊዜ መብራቱን ሁሉ አጥፍቶ የባቡር ድምፅ የተቀዳበት ሸክላ ያስነሣል፤ ጨለማ ውስጥ የቆመው ሕዝብ ባቡሩ በክለቡ መሃል ሰንጥቆ የሚያልፍ ይመስለውና ይጮኻል። አዲስ የዲስኮ ሸክላ እየጠፋ ሲሄድ ደግሞ አሮጌዎቹን ወደ ቴፕ ገልብጦ፣ ቴፑን እየቆረጠና እየቀጠለ የሦስት ደቂቃውን ዘፈን የአሥር ደቂቃ ያደርገው ነበር። የከተማው ሸክላ ነጋዴዎች በዚያ ክለብ የሚሰማውን ዓይነት ለይተው በመደርደሪያ ሲያስቀምጡ የክለቡን ስም አሳጥረው ጻፉበት። ሃውስ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ዲስኮ የጠፋው በራሱ ጊዜ አልነበረም። ጁላይ 12 ቀን 1979 ስቲቭ ዳል የተባለ የሮክ ሬዲዮ አቅራቢ በቺካጎ ኮሚስኪ ፓርክ ስታዲየም ድግስ ጠራ። አንድ የዲስኮ ሸክላ ይዞ የመጣ ሰው የቤዝቦል ጨዋታውን በ98 ሳንቲም ያያል፤ ሸክላዎቹ በሁለቱ ጨዋታዎች መሃል ሜዳ ላይ ተከምረው በፈንጂ ይጋያሉ። ወደ 50 ሺህ ሰው መጣ። ፍንዳታው ሲሰማ በሺህ የሚቆጠር ተመልካች ሜዳውን ወረረው፤ ሁለተኛው ጨዋታ ሊካሄድ ስላልቻለ ባለሜዳው ቡድን በፎርፌ ተሸነፈ። ከዚያ ምሽት በኋላ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዲስኮን እያራገፉ ሄዱ፤ ትልልቆቹ ሙዚቃ አሳታሚዎችም ፊታቸውን አዞሩ።

በዚያ ምሽት ስታዲየሙ ውስጥ ተመልካች በማስተናገድ ይሠራ የነበረ ቪንስ ሎውረንስ የተባለ ጥቁር ወጣት ነበር። ሥራውን የያዘው ሲንተሳይዘር መግዣ ለማጠራቀም ነው። በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ሰዎቹ ይዘው ከመጡት ሸክላ መካከል ዲስኮ ያልሆነ፣ ጥቁር ሰው ስለዘፈነው ብቻ ለእሳት የቀረበ ብዙ ነበር። ያጠራቀመው ገንዘብ ግን ሥራ ሠራ። አባቱ አነስተኛ የሙዚቃ ማሳተሚያ ስለነበራቸው ሸክላ እንዴት እንደሚታተም ያውቃል። ጓደኛው ጄሲ ሳውንደርስ ደግሞ ዲጄ ነው። ሳውንደርስ ጭፈራ ቤት ውስጥ ሸክላዎቹን ሌባ ይሰርቀዋል፤ ከጠፉት አንዱ ሁልጊዜ የሚከፍትበት፣ ምትክ የማይገኝለት ነበር። ሁለቱ ልጆች ያንን የጠፋ ሸክላ በድራም ማሽንና በሲንተሳይዘር አስመስለው ሊሠሩት ተነሡ። በጥር 1984 የወጣው «ኦን ኤንድ ኦን» ብዙዎች የመጀመሪያው የሃውስ ሸክላ የሚሉት ነው። ሥራው ሸካራ ነበር። የሰፈር ልጆች ሰምተው ከዚህ የተሻለ እኔም እሠራለሁ እያሉ ወደ መሣሪያ ሻጮች ሮጡ።

ሻጮቹ ጋ የሚጠብቃቸው ዕቃ የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ ነበር። ቲአር-808 ድራም ማሽን በ1980 ሲወጣ የእውነተኛ ከበሮ ድምፅ የለውም ተብሎ ተናቀ፤ በ1983 ምርቱ ቆመ። ይህ ማሽን ያን የሚያፏጭ ድምፁን ያገኘው የሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ ሌላው ፋብሪካ ጉድለት አለባቸው ብሎ የለያቸውን ትራንዚስተሮች ገዝቶ ስለገጠመበት ነው። ቲቢ-303 የባሰ ዕድል ነበረው። ታዳኦ ኪኩሞቶ የነደፈው ይህ ትንሽ ብርማ ሳጥን ባስ ጊታር የሚመታለት ሰው ያጣ ጊታረኛ ቤቱ እንዲለማመድበት የታሰበ ነበር። ድምፁ ባስ ጊታር አይመስልም፤ አጠቃቀሙም ራስ ያዞራል። ሦስት ዓመት ያህል ተመርቶ በ1984 ተቋረጠ፤ ከዚያም በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው በርካሽ ወደቀ።

ስፓንኪ የተባለ የቺካጎ ወጣት አንዱን አሮጌ 303 ያለ መመሪያ መጽሐፉ ገዛው። ከጓደኞቹ ከዲጄ ፒየርና ከኸርብ ጄ ጋር ሆነው ሲያበሩት ማሽኑ ቀድሞ ከነበረው ሰው የቀረበትን የተዘባረቀ ዜማ ማጫወት ጀመረ። ፒየር ድምፁን የሚያጠሩትን ማዞሪያዎች ይዞ ዘፈኑ እየሄደ ወዲያና ወዲህ ሲያዞራቸው ማሽኑ ይንጫጫል፣ ያለቅሳል፣ ይንቋረራል። ቴፑን ለዲጄ ሮን ሃርዲ ሰጡት። ሃርዲ «ሚውዚክ ቦክስ» በሚባለው ክለብ ሸክላን ከልኩ በላይ አፍጥኖ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ አዙሮ የሚያጫውት ደፋር ሰው ነው። ቴፑን ሲከፍተው ወለሉ ባዶ ቀረ። ቆይቶ ደገመው፤ ጥቂት ሰው ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከረ። በዚያው ሌሊት ለአራተኛ ጊዜ ሲያስነሣው ሕዝቡ አበደ። ይህ ሥራ በ1987 «አሲድ ትራክስ» ተብሎ በሸክላ ወጣ፤ የሚዘገንን ተብሎ የተጣለውም ማሽን ዛሬ ከመጀመሪያ ዋጋው ብዙ እጥፍ እየተጠየቀበት ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል።

በዚያው ከተማ ለጩኸት የማይቸኩል ሌላ ሰው ነበር። ላሪ ሄርድ በማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ማታ ማታ ከበሮ ይመታል። በቤታቸው ጃዝና የሞታውን ዘፈን እየሰማ ያደገ፣ በሮክ ባንዶች ውስጥ ከበሮ መቺ የነበረ ልጅ ነው። ዜማ ላዋጣ ሲል የባንዱ ጓደኞች አልሰማ አሉት። ተለይቶ ወጣና ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ገዛ። «ሚስተር ፊንገርስ» በሚል ስም በ1986 ያወጣው «ካን ዩ ፊል ኢት» በጥቂት ድምፆች ብቻ የተሠራ፣ የጃዝ ኅብረ ድምፅ ያለው ነው። ዲፕ ሃውስ የሚባለው ዘርፍ በዚህ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ነው። ከሄርድ ጋር ያዜም የነበረው ሮበርት ኦውንስ በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበር፤ በ1986 በብሪታንያ ሠንጠረዥ አሥረኛ የደረሰውን «ላቭ ካንት ተርን አራውንድ» የዘፈነው ዳሪል ፓንዲም ድምፁ ከጎስፔል የመጣ ነው። የእሑድ ጠዋቱ ዝማሬ በቅዳሜ ሌሊቱ ጭፈራ ውስጥ እንደሚሰማ ለመረዳት የእነዚህን ሰዎች አስተዳደግ ማወቅ በቂ ነው።

ከቺካጎ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ርቃ ያለችው ዲትሮይት ግን የራሷ ዓለም ነበረች። በ1950 1.85 ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት የመኪና ከተማ በ2000 ከአንድ ሚሊዮን በታች ወርዳለች። ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ በ1967ቱ ሁከት 43 ሰው ሞተ፣ ነጩ ነዋሪ ወደ ዳር ሰፈሮች ጎረፈ። ከተማዋ የምትኮራበት ሞታውን ሪከርድስ እንኳ በ1972 ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ሎስ አንጀለስ ወሰደ። ሞታውንን በ1959 የመሠረተው ቤሪ ጎርዲ የሊንከን ሜርኩሪ መኪና ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ ነው፤ ዘፈንንም እንደ መኪና ከክፍል ወደ ክፍል እያሳለፉ ማምረት እንደሚቻል ያሰበው እዚያ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት ልጆች ያደጉት ግን ሮቦት የፋብሪካውን ሠራተኛ እየተካ በነበረበት ጊዜ ነው።

ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳውንደርሰን የተገናኙት ከዲትሮይት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቤልቪል ትምህርት ቤት ነው። ነጮች የበዙባት የገጠር ከተማ ነበረች፤ ጥቁር ቤተሰቦች በመኪና ፋብሪካ ደመወዝ ከከተማው ወጥተው እዚያ ቤት መግዛት ጀምረዋል። የሜይ እናት ወደ ቺካጎ ሲዛወሩ ልጁ ትምህርቱን እንዲጨርስ የሳውንደርሰን ቤተሰብ ተቀበለው። የአትኪንስ አያት ኦርጋን ይወዱ ነበር። አንድ ቀን ኦርጋን ለማየት ወደ መሣሪያ መደብር ሲሄዱ የልጅ ልጃቸውን አስከተሉ። በመደብሩ የኋላ ክፍል ሲንተሳይዘሮች ተደርድረዋል። ልጁ ከዚያ አልነቃነቅ አለ፤ አያቱም ኮርግ ኤምኤስ-10 ገዙለት። ዛሬ ቴክኖ የሚባለው ነገር የመጀመሪያ ድምፆች የወጡት ከዚህ የአያት ስጦታ ነው።

ጆሯቸውን የከፈተው ደግሞ ሬዲዮ ነው። ቻርልስ ጆንሰን የአርካንሳስ ተወላጅ፣ በአየር ኃይል አገልግሎ የተመለሰ ሰው ነው። በ1977 በጥቁሮች ባለቤትነት በሚተዳደረው የዲትሮይቱ ደብሊውጂፒአር ጣቢያ «ኤሌክትሪፋይንግ ሞጆ» በሚል ስም ፕሮግራም ጀመረ። ፊቱን የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ማታ ማታ የጠፈር መርከብ ሲያርፍ የሚያሰማ ድምፅ ይለቅና አድማጮቹን የበረንዳ መብራታችሁን አብሩ፣ የመኪናችሁን ጥሩንባ ንፉ ይላቸዋል፤ ከተማውም ይታዘዛል። የጥቁር ጣቢያ የጥቁር ዘፈን ብቻ ይጫወታል የሚለውን ልማድ አፍርሶ ፓርላመንት ፈንካደሊክን፣ ፕሪንስን፣ ቢ-52ስንና የጀርመኖቹን ክራፍትወርክ በአንድ ሌሊት ያቀላቅላል። የክራፍትወርክን «አውቶባን» ያገኘው ቀድሞ ይሠራበት በነበረ ጣቢያ ሊጣሉ ከተለዩ ሸክላዎች መካከል ነው።

ዴሪክ ሜይ ቴክኖን ሲገልጽ የፓርላመንት ፈንካደሊኩ ጆርጅ ክሊንተንና ክራፍትወርክ አንድ አሳንሰር ውስጥ ተቆልፎባቸው፣ በእጃቸው ያለው አንድ ሲኩዌንሰር ብቻ ቢሆን የሚፈጠረው ነው ብሎ ነበር። አባባሉ ቀልድ ቢመስልም የሞጆን ፕሮግራም በትክክል ይገልጻል።

አትኪንስ ሌላም ምንጭ ነበረው። ትምህርት ቤት ሳለ ስለ መጪው ዘመን የሚያጠና ክፍል ወስዶ የአልቪን ቶፍለርን መጻሕፍት አንብቧል። ቶፍለር «ዘ ሰርድ ዌቭ» ላይ ከኢንዱስትሪው ዘመን በኋላ ስለሚመጣው የመረጃ ዘመን የጻፈው፣ ኢንዱስትሪው ዓይኑ እያየ ለሚፈርስበት የዲትሮይት ልጅ የዕለት ዜና ነበር። ኮሌጅ ሲገባ በዕድሜ የሚበልጠውን የቬትናም ዘማች ሪክ ዴቪስን ተዋወቀ። ሁለቱ «ሳይቦትሮን» ተብለው በ1981 «አሊስ ኦቭ ዩር ማይንድ»ን፣ በ1983 ደግሞ «ክሊር»ን አወጡ። ዴቪስ ወደ ሮክ ጊታር ሲያዘነብል ተለያዩ። አትኪንስ በ1985 ሜትሮፕሌክስ የተባለ የራሱን ማሳተሚያ አቋቁሞ «ሞዴል 500» በሚል ስም «ኖ ዩፎስ»ን አሳተመ። ስሙን ቁጥር ያደረገው አድማጩ የሙዚቀኛውን ዘር ሳያስብ እንዲሰማው ብሎ ነው።

ቺካጎና ዲትሮይት እጅና ጓንት የሆኑት በሜይ በኩል ነው። እናቱን ለመጠየቅ ቺካጎ ሲሄድ የናክልስንና የሃርዲን ሌሊቶች አየና ተለውጦ ተመለሰ። ቲአር-909 ድራም ማሽኑን ለናክልስ የሸጠለትም እሱ ነው። በ1987 ያወጣው «ስትሪንግስ ኦቭ ላይፍ» ማይክል ጄምስ ከተጫወተው የፒያኖ ዜማ ተነሥቶ የተሠራ ነው፤ ባስ የሚባል ነገር የለውም፣ ሰው ግን ሳይታወቀው ይጨፍርበታል። ሳውንደርሰን ብሩክሊን ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ሚሺጋን የመጣ ሲሆን፣ ኒውዮርክ ዘመዶቹ ጋ በሄደ ቁጥር ላሪ ሌቫን በሚያጫውትበት ፓራዳይስ ጋራዥ ያድር ነበር። ከቺካጎዋ ዘፋኝ ፓሪስ ግሬይ ጋር «ኢነር ሲቲ» ተብለው በ1988 ያወጡት «ቢግ ፈን» ከዲትሮይት ምድር ቤቶች ወጥቶ ወደ ብሪታንያ ሠንጠረዥ አናት ተጠጋ።

ብሪታንያ ይህን ሙዚቃ የተቀበለችበት ምክንያት አለ። የሰሜን እንግሊዝ ወጣቶች ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ሳይሸጡ የቀሩ የዲትሮይት የሶል ሸክላዎችን እያሳደዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍሩበት ኖረዋል። ኒል ረሽተን ከዚህ «ኖርዘርን ሶል» ከሚባለው ዓለም የመጣ ሰው ነው። በ1988 የዲትሮይት ሥራዎችን ሰብስቦ በቨርጂን ሥር በነበረው ቴን ሪከርድስ ሲያሳትም ርዕሱን የዲትሮይት ሃውስ ሊለው ነበር። አትኪንስ «ቴክኖ ሚውዚክ» የሚል ሥራ ስላቀረበ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ከዚያ ሸክላ በኋላ ዓለም ሃውስንና ቴክኖን ለይቶ መጥራት ጀመረ።

በርሊን የራሷን ባዶ ቤት ይዛ ጠበቀች። ግንቡ በ1989 ሲፈርስ በምሥራቁ ክፍል ባለቤታቸው ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሕንፃዎች ብዙ ነበሩ። ዲሚትሪ ሄገማንና ባልደረቦቹ ላይፕሲገር ጎዳና አጠገብ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበረው የቬርትሃይም መደብር ሥር የካዝና ክፍል አገኙ፤ ወፍራም የብረት በሩና የዛጉት የአደራ ሣጥኖች እንዳሉ ነበሩ። በመጋቢት 1991 «ትሬዞር» ተብሎ ተከፈተ። ክለቡ በዚያው ዓመት ባቋቋመው ማሳተሚያ መጀመሪያ ያወጣው ሸክላ የሦስት ዲትሮይታውያን ሥራ ነው፦ የማይክ ባንክስ፣ የጄፍ ሚልስና የሮበርት ሁድ።

እነዚህ ሦስቱ ያኔ «አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ» የተባለው ቡድን አባላት ነበሩ። ባንክስ ባስና ጊታር ተጫዋች ነው። ሚልስ «ዘ ዊዛርድ» ተብሎ በዲትሮይት ሬዲዮ ሸክላ በመቀያየር ፍጥነቱ የታወቀ ዲጄ ነበር፤ ብዙ ዓመታት ቆይቶ ከናይጄሪያዊው የአፍሮቢት ከበሮ መቺ ቶኒ አለን ጋር በ2018 አብሮ ሸክላ አውጥቷል። ሁድ ዛሬ ፓስተር ነው፤ ቅዳሜ ክለብ ያጫውታል፣ እሑድ ይሰብካል። ቡድኑ ፊቱን በጭንብል እየሸፈነ፣ ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ውል አልፈርምም እያለ ሸክላውን ራሱ አሳትሞ ራሱ አከፋፈለ። ይህ አቋም በተግባር የተፈተነው ዲጄ ሮላንዶ በ1999 «ናይትስ ኦቭ ዘ ጃጓር» የተባለውን ሥራ ባወጣ ጊዜ ነው። የጀርመኑ ሶኒ ፈቃድ ጠየቀ፣ አልተሰጠውም፤ ያለ ፈቃድ አስመስሎ አስቀድቶ ሊያወጣው ሲል የቡድኑ ወዳጆች ከየአገሩ ተቃውሞ አጎረፉበትና ሶኒ አፈገፈገ።

በዚሁ ዙሪያ ከነበሩት መካከል በሐሳቡ ጥልቀት ድሬክሲያን የሚያህል የለም። ጄምስ ስቲንሰንና ጄራልድ ዶናልድ ሸክላዎቻቸውን ያያያዙት በአንድ ተረት ነው፦ በባሪያ ንግድ ዘመን ከመርከብ ወደ አትላንቲክ የተወረወሩ ነፍሰ ጡር አፍሪካውያን እናቶች የወለዷቸው ልጆች ውኃ ውስጥ መተንፈስ ተምረው ከባሕሩ በታች አገር መሠረቱ። በ1997 «ዘ ክዌስት» ከተባለው ስብስብ ጋር ታትሞ የወጣው ይህ ታሪክ ዘፋኝ በሌለበት ሙዚቃ ውስጥ የጥቁር አሜሪካን የሐዘን ታሪክ አስቀመጠ።

የኢትዮጵያውያን ድርሻ በዚህ መሥመር ውስጥ ዘግይቶ የመጣና ትንሽ ነው፤ ግን አለ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮንን ከሞግ ሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አጣምሮ ካሴት ሠራ። ከዲትሮይት ወይም ከቺካጎ ልጆች ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ በዘመኑ የነበረውን ማሽን ግን እንደ እነሱ ብቻውን ሆኖ ተጠቀመበት። ካሴቱ በ2013 በሸክላ እንደገና ሲታተም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አፍቃሪዎች ከየአገሩ ፈለጉት። በ2014 ደግሞ ሚካኤል ሰይፉ እና «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ በዋሽንግተኑ 1432 አር ማሳተሚያ በኩል ሸክላ አወጡ። የአዝማሪ ድምፅ፣ ክራርና ማሲንቆ ከክለብ ባስ ጋር የገቡበትን ይህን ሥራ እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ሰየመው።

የመሥራቾቹ ገቢ ግን ከዝናቸው ጋር አልሄደም። ትራክስ ሪከርድስ ሸክላውን ያትም የነበረው ከአሮጌ ሸክላ ቀልጦ በወጣ ፕላስቲክ በመሆኑ ድምፁ ይንኮሻኮሽ ነበር፤ ሙዚቀኞቹም የሚገባን ክፍያ አልደረሰንም እያሉ ለዐሥርት ዓመታት ሲያማርሩ ኖሩ። ላሪ ሄርድና ሮበርት ኦውንስ በ2020 ኩባንያውን ፍርድ ቤት አቆሙት። በ2022 በስምምነት ሲያልቅ የሥራዎቻቸው መብት ወደ እነሱ ተመለሰ።

ከተሞቹ ይህን ታሪክ እንደ ቅርስ ማየት የጀመሩት በቅርቡ ነው። ፍራንኪ ናክልስ በ2014 ሲያርፍ የተወው ወደ 5 ሺህ የሚደርስ ሸክላ፣ ሠዓሊው ቲያስተር ጌትስ ፈርሶ ሊቀር የነበረውን አሮጌ ባንክ ከከተማው በአንድ ዶላር ገዝቶ ባደሰው የስቶኒ አይላንድ አርትስ ባንክ ውስጥ ተቀምጧል። ዌርሃውስ የነበረበትን ሕንፃ የቺካጎ ምክር ቤት በ2023 በጥብቅ ቅርስነት መዘገበው። ጀርመን በ2024 የበርሊንን የቴክኖ ባህል በብሔራዊ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባች። በዲትሮይት ያለው ሙዚየም ግን የሙዚቀኞቹ የራሳቸው ነው። በ3000 ኢስት ግራንድ ቡሌቫርድ አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ በሚሠራበት ሕንፃ የተከፈተው ይህ ቤት፣ የሞታውን ሙዚየም ባለበት ጎዳና ምሥራቃዊ ክፍል ላይ ይገኛል። ጎብኚ ቀጠሮ ይይዛል፤ የሚያስጎበኙት ሙዚቃውን የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። ከምድር ቤቱ ሱቅም ያው ቡድን ሸክላ አሳትሞ ይሸጣል።